የወፍራሙ እንቅልፍ

ሳጥኑ ከቤት የገባ ዕለት ልጃቸው "ሳብ ዉፈር ይባላል" ስትል እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ "ማንን ነው ውፈር የሚለው?" አለቻት። ልጅቷ ስቃ ስታበቃ፣ የሙዚቃን ወፍራም ድምፅ ብቻ ለይቶ የሚያወጣ ድምፅ ማጉያ መሆኑን አስረዳቻት። እናትየው ክሩን በጥርሷ በጥሳ "እንግዲያው ወፍራሙ በሉታ" አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስሙም በዚያው ጸደቀ።

ወፍራሙ ከጉልበት ከፍ የማይል ጥቁር ሳጥን ነው። ፊቱ ጨርቅ ለብሷል፤ ከታች ጥጉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል መብራት አለችው። ሲተኛ ቀይ፣ ሲነቃ አረንጓዴ ትሆናለች። ጀርባው ላይ አንዲት ክብ መቆጣጠሪያ አለች፤ ከአጠገቧ ያለው ማብሪያ ሦስት ማረፊያ አለው፤ አንዱ ማጥፊያ፣ አንዱ ሁልጊዜ እንደበራ ማቆያ፣ መካከለኛው ደግሞ አውቶማቲክ። አውቶማቲክ ላይ ሲደረግ ሙዚቃ ሲመጣ በራሱ ይነቃል፤ ሙዚቃው ሲያልቅ ጥቂት ቆይቶ በራሱ ይተኛል። ልጅቷ ሽቦውን አብሮት ከመጣው አምፕሊፋየር ጋር አገናኝታ የመጀመሪያውን ዘፈን ስትለቀው የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። እናትየው "ቀንሺው! ኧረ ቀንሺው!" ብላ ጮኸች። ልጅቷም ከአምፕሊፋየሩ ላይ የሆነ ነገር ቀነሰች፤ ቤቱ ሰላም ሆነ።

ስጦታው ለአባትየው ነበር። አባትየው የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት ግን፣ ገና ጢሙ ሳይጠና፣ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ዘፋኙ እየዘለለ፣ ሳክስፎኒስቱ ወገቡን እየሰበረ ሲያመሹ፣ እሱ ከመድረኩ ኋላ ግድግዳ ተደግፎ ከጣቶቹ በቀር ምንም ሳያንቀሳቅስ ይቆም ነበር። ከበሮ መቺው "ግድግዳው" ብሎ ስም አወጣለት። ሆቴሉ ተዘግቶ ባንዱ ሲበተን ስሙ አብሮት መጋዘን ገባ። "ግድግዳው አለ?" ብሎ ለጠየቀ አንድ ሾፌር አዲሱ ዘበኛ "የት ይሄዳል ብለህ ነው?" ብሎ እንደመለሰለት እስካሁን ይወራል።

ሚስቱን ያገኛት በዚያው ሆቴል ነው። የባንዱን ኮቶች የሰፋችው እሷ ናት። የሰፋቻቸው ኮቶች መድረክ ላይ እንዴት እንደሚሆኑ ለማየት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ትል ነበር። የሌሎቹ ብብታቸው እየተተረተረ ሲመለስላት የእሱ ኮት አንድም ቀን ለጥገና አልመጣም፤ እሷም ለምን እንደማይመጣ ለመጠየቅ ሄዳ ነው የተዋወቁት። ዘፋኙን ታስታውሳለች፣ ሳክስፎኑን ታስታውሳለች፤ ቤዝ የሚባለውን ግን ሰምታ አታውቅም። "እኔ የማውቀው ሌሎቹ ሲጫወቱ አንተ ጊታር ይዘህላቸው ስትቆም ነው" ትለዋለች። ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ትለዋለች፤ እሱም ከሁሉም ቀድሞ ይስቃል።

ሳቁ የእውነት ነው። ቢሆንም አንዲት ነገር ሆዱ ውስጥ ቀርታለች። ባንዱ ከቀረጻቸው ዘፈኖች በአንዱ፣ መሃል ላይ፣ ዘፋኙ ዝም ይላል፤ ሳክስፎኑም ከበሮውም ተከትለውት ዝም ይላሉ። ቤዙ ብቻውን ይቀራል። ብቻውን ረጋ ብሎ ይራመዳል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ዘፋኙን ከሄደበት ይዞት ይመጣል። ግድግዳው በዕድሜው ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ ይህችን ቦታ ይወዳታል። ወፍራም ድምፅ በማያወጣው የቤታቸው ትንሽ ሬዲዮ ግን እዚያች ቦታ ላይ የሚሰማው የካሴቱ "ሽሽሽ" ብቻ ነበር። በተጋቡ ሰሞን ሚስቱ ያን ሰምታ "ወይኔ፣ ካሴቱ ተበላሸ!" ብላ ተስፈንጥራ ተነሳችና ካሴቱን አውጥታ በእርሳስ ጠመዘዘችው። ግድግዳው ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ መልሶም ዘጋው። ምን ይላታል? ያ ባዶ የመሰለሽ እኔ ነኝ ይበላት?

ልጅቷ የድሮ ካሴቶቹን ወደ ፍላሽ አስገልብጣ ከወፍራሙ ጋር ያመጣችው ይህን ሳታውቅ ነው። እሱ ግን ሳጥኑን ባየ ጊዜ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አሁን ትሰማኛለች።

አልሰማችውም። ከጎረቤት፣ በአንድ ግንብ ብቻ ተለይታ፣ ሌሊት ሠርታ ቀን የምትተኛ ነርስ ትኖራለች። ሚስቱ ድምፅ እንደማይረብሻት ቃል ስለገባችላት ሙዚቃ የሚከፈተው ዝቅ ተደርጎ ነው። ሙዚቃው ዝቅ ሲል ደግሞ ወፍራሙ ይተኛል። አንዳንዴ ከነጭራሹ አይነቃም፤ አንዳንዴ ሞቅ ባለ ዘፈን ነቅቶ፣ ያቺ ቦታ ከመድረሷ በፊት መብራቷ ቀይ ትሆናለች። ግድግዳው ሊቀሰቅሰው ድምፁን ለአፍታ ከፍ ሲያደርግ "ድም!" ብሎ ይነሳና የሚስቱን ጣት በመርፌ ያስወጋል። ማብሪያውን ሁልጊዜ እንደበራ ማቆያው ላይ ቢያደርገው፣ ሙዚቃ ኖረም አልኖረም "ምምም" ሲል ዋለ።

"ይሄ ሰውዬ ሊናገር ያሰበውን ይናገርና ይገላግለን እንጂ!" አለች ሚስቱ።

ግድግዳው ወገቡን ይዞ ከሳጥኑ ጀርባ ተንበርክኮ ወደ አውቶማቲክ መለሰው።

በዚያው ሳምንት ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም ሥራ አገኘች። ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ አዘዘች፤ አናጺው ቅዳሜ አመጣለሁ አላት። ጠረጴዛው የሚገባበት ጥግ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የወፍራሙ ጥግ።

"እስከ ቅዳሜ ጠባዩን ካሳመረ እናስብበታለን" አለች፣ የስፒል ቆርቆሮዋን ወፍራሙ ራስ ላይ እያስቀመጠች፤ ቦታውን ከወዲሁ መያዟ ነበር። "ካላሳመረ ልጅህ ትውሰደው። እንቅልፋም ለእንቅልፋም ይስማማሉ።"

ግድግዳው ሐሙስ ጠዋት ለሚስቱ ታናሽ ወንድም ደወለ። ወንድምየው በሌላ ከተማ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ሱቁ ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት ነገር አንድ ላይ ይጮኻል።

"ቀላል ነው ጋሼ!" አለ ወንድምየው በጩኸቱ መሃል። "ድምፅ ቀንሰህ ነው አይደል የምታዳምጠው?"

"ጎረቤት ተኝታለች፣ ምን ላድርግ?"

"አየህ፣ እሱ ጋ የሚደርሰው ሹክሹክታ ነው። የሚያናግረኝ የለም ብሎ ይተኛል። በቃ ክፈተው! ክፈተውና ከጀርባው ያለችውን አዙረህ ቀንስ። አለቀ፣ ደቀቀ። ደንበኛ መጣብኝ፣ እትዬን ሳምልኝ!"

ግድግዳው ካቻቢቴ አመጣ። ወፍራሙን ከኤሌክትሪክ ነቀለ፣ አልጋ ልብስ አንጥፎ በፊቱ ደፋው፣ ከዚያ የጀርባውን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈትቶ ከፈተው። መጋዘን የሠራ ሰው ስለሆነ ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ ደረደራቸው። ውስጡ እንደ ፍራሽ በነጭ ጥጥ ተሞልቷል። እጁን ሰደደ፤ ከጥጡ ሥር አንድ ትልቅ ማግኔትና ጥቂት ሽቦ አገኘ። የሚዞር ነገር ግን አጣ።

ሚስቱ ከኋላው መጥታ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ትራሱን ውስጡ ይዞ ነው እንዴ የሚዞረው? ለዚህ ነዋ የሚተኛው!"

"ወንድምሽ ክፈተው ብሎኝ ነው።"

"ወንድሜ ልጅ ሆኖ የከፈተውን ሬዲዮ እናታችን በዘንቢል ሰብስባ ነው የወሰደችው" አለችው።

መልሶ ሲገጥመው አንዲት ብሎን ተረፈች። ይህ እንዴት እንደሆነ ግድግዳው እስከዛሬ አልገባውም። ቀዳዳዎቹን ቢቆጥር ሁሉም ሞልተዋል። ብሎኗን የስፒል ቆርቆሮው ውስጥ ጣላት። ወፍራሙም እንደ ቀድሞው ለጥ ብሎ ተኛ።

አርብ ከምሳ በኋላ ድጋሚ ደወለ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ለቀቀው፤ ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታቸው የዩኒፎርም ቁልፍ ትተክላለች።

"ከፍቼዋለሁ፤ ለውጥ የለም" አለ ግድግዳው።

"ምን ያህል ከፈትከው?"

"ሙሉ በሙሉ ነዋ! በግማሽ ይከፈታል እንዴ?"

"ሙሉ በሙሉ ከከፈትከው ቤቱን ያናውጣል እንጂ እንዴት ይተኛል?"

"ጥጡ ይሆን እንዴ የያዘው?"

ከስልኩ ማዶ ከሦስቱ ጩኸቶች አንዱ ጠፋ።

"የምን ጥጥ?" አለ ወንድምየው ቀስ ብሎ።

"ውስጡ ያለው።"

"ጋሼ... ሳጥኑን ነው የከፈትከው?"

"ክፈተው አላልከኝም?"

ወንድምየው ሳቀ፤ ሱቅ ውስጥ ላሉትም ነገራቸው መሰል፣ እነሱም ሳቁ። "ድምፁን ነው ጋሼ! ድምፁን ክፈተው ነው ያልኩህ!"

"ድምፁን ብከፍተው ነርሷ ትነሳብኛለቻ! እኔም የምለው እኮ እሱን ነው!"

"የአምፕሊፋየሩን አይደለም፤ ከአምፕሊፋየሩ ወደ ሳጥኑ የሚሄደውን። ለብቻው መጠን አለው..."

"ለብቻው የሚሄደውን ከፍቼ እዚያ ሲደርስ አይጮኽም?"

ሚስቱ ዓይኗን ከቁልፉ ሳታነሳ "ቧንቧ ነው የሚልህ" አለች።

"ምን?"

"ጓሮ ውሃ ስታጠጣ ቧንቧውን ከግንቡ በኩል በደንብ ትከፍተዋለህ፤ ጎማውን ከጫፉ በጣትህ ትይዘዋለህ። ጎማው ውስጥ ውሃው ሞልቷል፤ የሚወጣው ግን አንተ የፈለግከውን ያህል ነው። ከወዲህ ክፈተው፣ ከወዲያ ያዘው። ይኸው ነው።"

"እትዬ፣" አለ ወንድምየው፣ "ነይና ሱቁን ተረከቢኝ።"

ግድግዳው መነጽሩን አድርጎ አምፕሊፋየሩ ፊት ተቀመጠ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየነካ ሄደና ወደ ወፍራሙ የሚሄደውን ድምፅ መጠን አገኘው። እስከ መጨረሻው ወርዷል። የመጀመሪያው ቀን፣ "ቀንሺው! ኧረ ቀንሺው!" የተባለ ጊዜ ልጅቷ የቀነሰችው ይህንን ነበር። ሰው ሁሉ ወፍራሙን በእንቅልፍ ሲያማው ቢከርምም፣ ለካ ያስተኛችው ያን ቀን ከስፌት መኪናዋ የጮኸችው ናት። ግድግዳው ወደ ሚስቱ ዞር ብሎ አየ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

መጠኑን ከፍ አደረገው። ከዚያ ሳጥኑ ጋ ሄዶ ከጀርባው ያለችውን ክብ መቆጣጠሪያ አዙሮ ቀነሳት። ፍላሹን ሰካ፤ ያንን ዘፈን መረጠ፤ ነርሷን እንዳያስነሳ ዋናውን ድምፅ ዝቅ አደረገው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን መብራቷ ላይ ተከለ። ቀይ ነበረች። ዘፋኙ ገና ሁለት ቃል ሳይናገር፣ ድምም ሳይል፣ ማንንም ሳያስደነግጥ፣ አረንጓዴ ሆነች።

ሚስቱ ቁልፉን ጨርሳ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመልሳ ነበር፤ እግሯ መርገጫውን በልማዷ ይነዳል። ዘፋኙ ዘፈነ፣ ሳክስፎኑ አጀበው። ከዚያ ዘፋኙ ዝም አለ። ሳክስፎኑም ከበሮውም ዝም አሉ።

ቤዙ መጣ። የጮኸ ነገር የለም፤ ከግንቡ ወዲያ ያለች ሰው አትሰማውም። ወለሉን ይዞ ረጋ ብሎ ተራመደ፣ ወንበሮቹ እግር ሥር ደረሰ፣ ዞረ። የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። የሚስቱ እግር መርገጫው ላይ እንዳለ ቀረ።

ወፍራሙ ራስ ላይ የስፒል ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ የተረፈችው ብሎን ውስጡ ትንጫጫለች። ሚስቱ ሳትነሳ እጇን ዘርግታ ቆርቆሮውን አነሳችውና በሁለት ጣቷ አየር ላይ ይዛው ቆየች፤ ዘፋኙ እስኪመለስ ድረስ አላስቀመጠችውም።

"ይሄ የማነው?" አለች።

"ካሴቱ አልተበላሸም ነበር" አላት።

ለጥቂት ጊዜ ዓይኗን ጣራው ላይ ሰቅላ የድሮውን አሰበች። እርሳሱም ካሴቱም ትዝ እንዳሏት ከፊቷ አወቀ። "ይሄን ሁሉ ዘመን እዚያ ውስጥ ነበርክ?"

"ጊታር ይዤላቸው ነበር የቆምኩት።"

ሳቀች፤ በዚህ ቀልድ ከእሱ ቀድማ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ሰው ስትለካ እንደምታየው ጥጉን ከላይ እስከታች አየችው።

"ጠረጴዛው እግር አለው አይደል? ከሥሩ ይተኛላ።"

"አሁንማ አይተኛም።"

"እሺ፣ ከሥሩ ይቀመጥ። ያቺን ቦታ መልሳት እስቲ።" እሱ ዘፈኑን ሲመልሰው እሷ ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ ወንበሯን ወደ ሳጥኑ አዞረች። "አንድ ጊዜ ብቻ፣ ነርሷ ከመጣች እኔ እመልስላታለሁ። ትንሽ ክፈተው።"

ግድግዳው ፊቱን ኮስተር አድርጎ ካቻቢቴውን አነሳ።