ማረሻና ማጭድ

ዙንደል በሚንስክ አውራጃ ባለች ትንሽ ከተማ የአይሁድ ልጆችን ፊደልና ኦሪት የሚያስተምር ድሃ መምህር ነበር። ከዋርሶ የሚመጣውን የዕብራይስጥ ጋዜጣ አሥራ አንድ ቤት ሆነው ያስመጡታል። መጀመሪያ የሚያነበው የጽዮን ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ሰው ሁሉ አክብሮ «ረብ» የሚለው እንጨት ነጋዴው ፈይቪሽ ነው። ማኅበሩ አይሁድ ወደ ቅድስት ምድር ሄደው መሬት እንዲያርሱ የሚሰብክ፣ የመንግሥት ፈቃድ የሌለው ነው። ዙንደል ዘንድ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ፣ ቅባት ጠጥቶ ነው።

በዚያ የበረዶ ወር ግን ከጋዜጣው በፊት ወሬው ደረሰው። ከከተማቸው የተላከ ጽሑፍ ወጥቷል አሉ። «ማኅበርተኞቻችን ስለ ቅድስት ምድር ሲያወሩ ሻያቸው ይቀዘቅዛል፤ ልጁን የላከ አባት ግን የለም» ይላል። ሊቀመንበሩንም ሳይቀር ይሸረድዳል። ጸሐፊው ስሙን ደብቆ «በር አጠገብ የሚቀመጠው» ብሎ ፈርሟል።

በማኅበሩ ስብሰባ በር አጠገብ የሚቀመጠው ደግሞ ዙንደል ነው።

«ደራሲው መጣ! አፋችሁን ዝጉ!» አለ ሥጋ ሻጩ ሲያየው። ሌላው፣ «ፖሊስ ቢያነበውስ? ልታሳስረን ነው?» ብሎ አፈጠጠበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰባት ተማሪዎች ቀሩ። ሚስቱ ሽፕሪንጸ እንኳ ፊቱ ቆማ መረመረችው።

«እስቲ ዓይኔን እያየህ ተናገር። ጽፈሃል?»

«አልጻፍኩም አልኩሽ እኮ!»

«ታዲያ ቀለሙን ማን ጨረሰው?»

«ልጆቹ ናቸዋ!»

አላመነችውም።

ተራው ደርሶ ጋዜጣው ሲመጣ ዙንደል እያንዳንዱን ቃል እንደ ምስር ለቀመው። አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አለ። «ሊቀመንበራችን መሬት የሚያርሱበትን ማጭድ ያወድሳሉ» ይላል። አዘጋጁ ቀልድ መስሎት አልፎታል። ዙንደል ግን ስህተቱን አወቀው። በመከር ወራት፣ ጥርሱ አብጦ ሲያቃስት፣ ገበያ መሐል አንድ ሰው «ማረሻ በዕብራይስጥ ምን ነበር?» ብሎ ጠይቆት፣ በሕመሙ ተደናብሮ የማጭድን ስም ነግሮታል። ስህተቱ ትዝ ያለው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ አፍሮ ሳያርመው ቀረ። ያ ሰው ረብ ፈይቪሽ ነበር።

ዙንደል በቀጥታ ወደ እንጨት መጋዘኑ ሄደ።

«ረብ ፈይቪሽ፣ በማጭድ አይታረስም።»

ሰውዬው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ልውጥ አለና በሩን ዘጋ።

«በስሜ ብጽፈው ማን ይሰማኝ ነበር? 'ሊቀመንበሩ ተቆጣ' ብለው ሻያቸውን ይጠጡ ነበር። አሁን ግን ሁለት ቤተሰብ ለመሄድ እየተሰናዳ ነው!»

«ራስዎን የሰደቡት እንዳይጠረጠሩ ነው። ይሁን። በር አጠገብ ያስቀመጡት ግን እኔን ነው።»

«አንተ ምን የሚጎድልብህ ነገር አለ?»

ዙንደል በሩን ከፍቶ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ለጋዜጣው በሙሉ ስሙ አጭር ደብዳቤ ጻፈ፦ «ከከተማችን በወጣው ጽሑፍ ማረሻ ማጭድ ተብሏል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለጸሐፊው ቃሉን አሳስቼ የነገርኩት እኔ ነኝ።» የማንንም ስም አልጠራም።

ደብዳቤው በታተመ ማግስት ከተማው ታመሰ። «ለማን ነው የነገርከው?» እያሉ በየመንገዱ ያዙት።

«ብዙ ሰው ቃል ይጠይቀኛል» ይላል።

ከዚያ ወዲህ ማኅበርተኞቹ አንዱ ሌላውን በጎን ማየት ጀመሩ፤ ጋዜጣ ይዞ ብቻውን የተቀመጠ ሁሉ ተጠረጠረ። አራት ተማሪዎች ተመለሱ፤ ሦስቱ ቀሩ። ፀደይ ሲገባ ረብ ፈይቪሽ ራሱ ሁለተኛ ወንድ ልጁን በቅድስት ምድር ወዳለችው ያፋ ላከ። ሕዝቡ አጨበጨበለት። ሽፕሪንጸ ግን ባሏን በክርኗ ነካ አድርጋ፣ «ይኼ ሰውዬ ምን አስደንግጦት ነው?» አለችው።

ዙንደል ለእሷም አልነገራትም።