የወንበር ሐኪሟ መሪ ስትጨብጥ

የማስቲሽ ሽታ አፍንጫዬ ላይ በመጣ ቁጥር የአክስቴ የሥራ ክፍል ይታወሰኛል። ከመኖሪያ ቤቷ ጋር በአንድ በር የሚገናኝ ጠባብ ክፍል ነበር። ግድግዳው ሥር የጥቁርና የቡናማ ቆዳ ጥቅሎች ቆመው፣ መካከሉ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማሽኗ ተቀምጦ ይታየኛል። አክስቴ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነበረች። ደንበኞቿ «የወንበር ሐኪም» ይሏታል። የተቀደደውም በሲጋራ የተቃጠለውም ወንበር ተነቅሎ ይመጣላታል፤ እሷም ወጥራ፣ ሰፍታ፣ አዲስ አስመስላ ትመልሰዋለች። ታዲያ ይህች የስንቱን መኪና ወንበር ያለበሰች ሴት መንዳትን እንደ ጦር ትፈራ ነበር።

ነገሩ የቆየ ነው። መንጃ ፈቃድ ባወጣች በሳምንቱ ዳገት ላይ ሞተሩ ጠፍቶባት፣ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራትቶ የአንዲት ሽንኩርት ነጋዴ መደብ ላይ ወጣ። ሰው አልተጎዳም። የሴትየዋ ጩኸት ግን አክስቴ ጆሮ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መሪ ስትጨብጥ ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፣ ላብ ያጠምቃታል። እንዲያም ሆኖ መንጃ ፈቃዷን ጊዜው ባለፈ ቁጥር ታሳድሰዋለች። ለምን ስትባል፣ ፎቶው ስላማረብኝ ነው ትላለች።

ባሏ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ስለነበር ፍርሃቷ ብዙም አላስቸገራት። እሱ ይነዳል፣ እሷ ከኋላ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች። በስተርጅና ግን ስኳር በሽታ ኩላሊቱንም ዓይኑንም ነካበት። በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ታዘዘለት፤ ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፣ እሱም መንዳት ተከልክሎ መኪናቸው ግቢ ውስጥ ቆመ። እኔ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ሥራዬን ይዤ እነሱ ዘንድ እኖር ነበር፤ መንዳት አልችልም። የምንጠራው ታክሲ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። አንድ ቀን ጭራሽ ቀረና ሕክምናው አመለጠው፤ በማግስቱ እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ አለው።

ታላቅ እህቱ ይህን ሲሰሙ ቁርጥ ያለ ነገር ተናገሩ። ቤታቸው ለሆስፒታሉ የእግር መንገድ ነውና ወንድማቸውን ይወስዱታል። አክስቴ ከፈለገች ትከተል፤ ማሽኗ ግን የሚገባበት ቦታ የለም። ለመሰናዶ ሁለት ወር ሰጧት። አክስቴ ወደ ሥራ ክፍሏ ገብታ ስትሰፋ ዋለች፤ ማሽኑ ግን እየቆመ፣ እየቆመ ነበር የሚሰማው።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበረች። ሂፕኖሲስ በሚሉት ዘዴ፣ ሰውን ሳታስተኛ ሰመመን በመሰለ እርጋታ ውስጥ አስገብታ ፍርሃትን ታክማለች አሉን። አክስቴ እኔን አስከትላ ሄደች። ምስጢሯን መዘክዘክ ከጀመረች እንድቆነጥጣት አስቀድማ አስጠነቀቀችኝ። ባለሙያዋ ሰምታ ሳቀች፤ ሁሉን እንደምትሰማና ያልፈለገችውን ማንም እንደማያናግራት በትዕግሥት ገለጸችላት።

ዓይኗን አስጨፍና፣ ትንፋሿን እያስቆጠረች ቀስ በቀስ አረጋጋቻት። ከዚያ ልቧ የሚያርፍበትን ቦታ እንድታስብ ጠየቀቻት። ሌላው ሰው ባሕር ዳርቻ ወይም የዛፍ ጥላ ይመርጣል አሉ። አክስቴ ማሽኔ ጋ ነኝ አለች። ባለሙያዋም፣

«እግርዎ ምን እያደረገ ነው?» አለቻት።

«ፔዳሉን ይረግጣል። ሲያሻው ያፈጥናል፣ ሲያሻው ያቆማል።»

«ማን ነው የሚያዘው?»

«እኔ ነኛ» አለች አክስቴ፤ ከተጨፈነው ዓይኗ እንባ ወረደ። ልቆነጥጣት አልደፈርኩም።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ሄድን። ባለሙያዋ ያንኑ ፔዳል የሚረግጠውን እግሯን እያስታወሰቻት በሐሳብ ወደ ዳገቱ ትመልሳታለች። መጀመሪያ ላይ አክስቴ የወንበሩን ክንድ እንቅ አድርጋ ትይዝ ነበር። እየቆየ የሽንኩርት ነጋዴዋ ጩኸት ራቀ፤ በስድስተኛው ሳምንት ከማዶ ሰፈር እንደሚሰማ ጥሪ ሆነልኝ አለች። ባለሙያዋም ፍርሃቱ ፈጽሞ ይጠፋል ብላ አላታለለቻትም። «አብሮዎት ይሳፈር ይሆናል፤ መሪውን ግን አይስጡት» ነው ያለቻት።

መንዳቱን ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ አለማመዳት። መንገዱ በደንብ ባይታየውም ሞተሩን በጆሮው ያያል ማለት ይቻላል። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ቀጥ ባለው መንገድ ደህና ሄደች። መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ግን ቀጥ አድርጋ አቆመች፣ መሪውን አዞረች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተነሣች። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ከኋላችን ጥሩምባው ቀለጠ።

ባሏ ምነው በየማዕዘኑ ትቆሚያለሽ ቢላት፣ «ማሽኑ ቆሞ መርፌው ቆዳው ላይ ሳይተከል ማዕዘን ይታጠፋል እንዴ?» አለችው።

ሳቁ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ እጁን በዳበሳ ልኮ ክንዷን ነካ አደረጋት።

«እዚህ የሚቀደድ ነገር የለም፣ የኔ እመቤት። እየሄድሽ እጠፊ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ሆስፒታል አደረሰችው። የሃያ ደቂቃው መንገድ አንድ ሰዓት ፈጀ፤ ግን በሰዓቱ ደረሰ፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ አስነሥታን ነበርና። ለማንም እንዳንናገር አስማለችን፤ ከተወራ እግሬ ይያዛል ብላ።

ሁለት ወሩ ባለቀ ቀን የባሏ እህት ሁለት ባዶ ሻንጣ ይዘው መጡ። አክስቴ ጠዋት ባሏን ለእጥበቱ አድርሳ ተመልሳ፣ ሥራ ጀምራ ነበር። ሳሎን ቁጭ ብለው የሚወሰደውን ዘረዘሩ፤ መጀመሪያ ልብሱ፣ ቀጥሎ መድኃኒቱ፤ አልጋ ግን እሳቸው ቤት ያለው ይበቃል። እኔ ልናገር አፌን ከፈት ሳደርግ አክስቴ በዓይኗ ከለከለችኝ።

«ለነገሩ ዛሬስ ማን ያመጣዋል?» አሉ እህቱ። «ያ ታክሲ ደግሞ ቢቀርስ? ወንድሜ በር ላይ ሲጠብቅ ሊውል ነው?»

አክስቴ የግድግዳውን ሰዓት አየች። እጥበቱ ሊያበቃ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ክር አራገፈች፣ ከጠረጴዛው ላይ የመኪናውን ቁልፍ አነሣች። እህቱ «አንቺን እኮ ነው የምጠይቀው» እያሉ፣ ደህና ሁኑ እንኳ ሳትል ወጣች።