የሼህ ኢድሪስ «ይመጣል»

አሶሳ ካለው ቢሮዬ ጀርባ የወደቀ ማንጎ ሲሸት፣ አንዲት ጦጣም አጥሩ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ሳይ፣ ሼህ ኢድሪስ ትዝ ይሉኛል።

ቤተሰቤ በሠፈራ ከወሎ የመጣ ነበር፤ እሳቸው የበርታ ተወላጅ ጎረቤታችን ነበሩ። እርሻችን ጫካውን ታክኮ ስለነበር፣ በቆሎው ሲያሸት ማማ ላይ አብረን ተቀምጠን ጦጣና ዝንጀሮ እንከላከል ነበር። አማርኛቸው ሴትን ከወንድ አይለይም። «እናትህ ደግ ነው፤ ትናንት ቂጣ ሰጠኝ» ሲሉኝ ከት ብዬ እስቃለሁ። «ሳቅ፣ ሳቅ! አንተ በርታኛ ስትናገር ፍየል ይስቃል» ይሉኛል።

አንድ ዓመት እናቴ ለአያቴ ለቅሶ ወሎ ሄዳ፣ በቆሎው እስኪያሸት አልተመለሰችም። አባቴ ስሟን ማንሳት ተወ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጦጣዎቹን በወንጭፍ አባረን ጫካው ጭር ሲል፣ ሳላስበው ማልቀስ ጀመርኩ። ሼህ ኢድሪስ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉና «ዝም በል፤ ይመጣል» አሉኝ።

ማን? ጦጣው እየመጣ ነው ለማለት የሚነገር የጥበቃ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ በእሳቸው አማርኛ ግን እናቴም «ይመጣል» ነበር የምትባለው። ሲናገሩ ፊታቸው ወደ ጫካው ይሁን እናቴ ወደሄደችበት መንገድ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ማረፉንም ኋላ የጨመርኩት ይሆናል። እሳቸው አርፈዋልና የምጠይቀው ሰው የለም። የማስታውሰው ግን፣ ጦጣዎቹ ሳይመሽ ተመልሰው በቆሎውን ሲሸለቅቁ እየሰማሁ፣ ዓይኔን ከመንገዱ አለማንሳቴን ነው።