የጀናዛ መኪናው ስቲከር

ስቲከር የሚለጠፈው በውሃ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሙጫ ላይ ውሃ ስረጭ ሲያየኝ አብዷል ብሎ ያዝንልኛል። ሳሙና ጠብ ያደረግሁበትን ውሃ ብረቱ ላይ እረጭና ስቲከሩን አሳርፋለሁ፤ ከዚያ ጫፏ ጨርቅ በለበሰች የፕላስቲክ መግፊያ ከመሀል ወደ ዳር እየተጫንኩ ውሃውንም አየሩንም አስወጣለሁ። ኮምቦልቻ ላይ ሻይ ታዞ እስኪመጣ ያልቃል፤ ሙቀቱ ራሱ ሠራተኛ ነው። ደሴ ግን፣ ያውም በክረምት፣ ጉሙ ደንበኛ መስሎ ሱቅ ውስጥ ሲቆም፣ ውሃው ከስቲከሩ ሥር ተኝቶ አልወጣም ይላል።

ስለዚህ የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ የመስጊዱን ጀመዓ የጀናዛ መኪና ሥራ ሲሰጡኝ፣ ቀለም ወደተቀባበት ኮምቦልቻ ጋራዥ ወርጄ ልለጥፈው አልኳቸው።

"አይሆንም። ደሴ ይመጣል።"

"ሐጂ፣ እዚያ በአንድ ጠዋት የሚያልቀው እዚህ ቀናት ይፈጃል።"

"ይፍጅ! ማን አባረረህ?"

መኪናው የተገዛው እሳቸው በየነጋዴው ደጅ ዓመታት ዞረው በለመኑት ገንዘብ ነው። ድሮ ሰው ሆስፒታል ሲሞትብን አይሱዙ ፈልገን ነበር የምናመጣው፤ ጠዋት ሽንኩርት የጫነው ከሰዓት ጀናዛ ይጭናል። ይህ ሐጂን ያንገበግባቸው ነበር። መኪናው ተገኘ፣ በዚያው ሰሞን ባለቤታቸው ታመው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሞቹ ለሴቶች ልጆቻቸው የነገሯቸውን ገበያው ሁሉ ሰምቶታል። አልሰማሁም ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን በቀኝ ጎኑ "የጀናዛ አገልግሎት በነፃ" የሚለውን ለጠፍኩ። ሐጂ ከጎረቤቴ ከሴቶች ፀጉር ቤት የፕላስቲክ ዱካ አስመጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስጨርስ ተነስተው በአውራ ጣታቸው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

"እዚህ ጋ አየር አለ።"

"ትንሽ ናት። በመርፌ ወጋ አድርጌ አወጣታለሁ፤ ምልክትም አይተውም።"

"በመርፌ እንዳትነካብኝ! መርፌ ያየሁት ይበቃኛል። አንሳና እንደገና ለጥፈው።"

አንዴ የተነሳ ስቲከር ይለጠጣል፤ ሌላ መቁረጥ ነው። ቆረጥኩ። በማግስቱ ደግሞ የ"ጀ" እግር ዘሟል አሉ። በሜትር ለክቼ አሳየኋቸው። ሜትሩንም አላመኑትም።

ከሰዓት በሚኒባስ ወደ ቦሩ ሜዳ ይወጣሉ፤ ጠዋት ተመልሰው ዱካቸው ላይ ናቸው።

"እንዴት አደሩ ሐጂ? እሳቸውስ?"

"አልሐምዱሊላህ፤ ማታ ሾርባ ቀምሳለች። መኪናውስ?"

"አብሽሩ፣ ዛሬ ያልቃል።"

"አትቸኩል" ይሉኛል፣ ፊታቸው ጥቁር ብሎ።

እኔ ትምህርቴን የጨረስኩት መንገድ ላይ ለባጃጅ ስቲከር ስሸጥ ነው። እዚያ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ዕቃ የሚያጣጥል ሰው ዋጋ ሊያስቀንስ መፈለጉን ነው። ስለዚህ ሐጂ በሌሉበት ሰዓት ወደ ፀጉር ቤቷ ባለቤት ገባሁ። ምላሰኛ ናት፤ "ደሴ ውስጥ በነፃ ተብሎ ተለጥፎ ሰልፍ የሌለበት የአንተ ሥራ ብቻ ነው" ስትለኝ ነበር የሰነበተችው።

"እስኪ ያን የፀጉር ማድረቂያሽን አውሺኝ" አልኳት። "ሰውዬው ዋጋ ሊሰብሩኝ ነው። ዛሬ አድርቄ ልገላገል።"

"አንተ ደነዝ! ለዋጋ መሰለህ?" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "መኪናው ካለቀ ሥራ ይጀምራል። ሥራ ከጀመረ መጀመሪያ ማንን ሊያመጣ ነው?"

ዓይኔ በመስኮቱ ወደ ሐጂ ባዶ ዱካ ሄደ።

"በል ሂድ። ማድረቂያዬ ተበላሽቷል።"

ማድረቂያው ከኋላዋ የአንዲት ሙሽራ ፀጉር ላይ ይጮኽ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን አበላሽ ጀመር። ውሃ አበዛሁ። ንጹሕ መኪና ስወለውል ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ሐጂ አየር መፈለግ ሲሰለቻቸው እኔ ፈልጌ እሰጣቸዋለሁ።

"ሐጂ፣ እዚህ ጋ አየር የያዘ መሰለኝ።"

"አየህ!" ይላሉ፣ ፊታቸው ፈካ ብሎ። "አላልኩህም? አንሳው!"

ግን ሥራ ስታበላሸውም ቢሆን ወደፊት ይሄዳል። ቀኙ አለቀ። በግራው ጎን "የጀናዛ አገልግሎት" የሚለውን አሳርፌ፣ "በነፃ" የምትለው ቃል እጄ ላይ እንዳለች የሐጂ ስልክ ጮኸ። ትልቋ ልጃቸው ነበረች። ብዙ አልሰሙም። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉና ስልኩን ወደ ኪሳቸው ሰደዱት፤ ኪሱን ስቶ መሬት ወደቀ። አንስቼ ሰጠኋቸው።

"መኪናው ይሂድ" አሉኝ።

"ሐጂ፣ ገና እርጥብ ነው። መንገድ ላይ ይላጣል።"

"ለከሰዓቱ የአስር ሶላት መድረስ አለባት።"

የፀጉር ቤቷ ባለቤት ያን ተበላሸ ያለችውን ማድረቂያ ይዛ፣ ገመዱን በመስኮት እየጎተተች ደረሰች። እሷ ታሞቃለች፣ እኔ በመግፊያዋ እጫናለሁ። ውሃው ተጨፍልቆ በየፊደሉ ሥር እያበጠ ቀረ።

"ስንት ቦታ አየር አለው?" አሉ ሐጂ።

"ብዙ ቦታ።"

"ተወው።"

ከሹፌሩ ጎን ገቡ። መኪናው ወደ ቦሩ ሜዳ ወጣ።

ቀብሩ ላይ "በነፃ" ባልተለጠፈበት በመኪናው ግራ በኩል ከቆሙት አንዱ ነጋዴ ጠጋ ብሎኝ፣ "በዚህ በኩል ያስከፍላሉ እንዴ?" አለኝ በሹክሹክታ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ለቅሶው ሲበተን ሐጂ ራሳቸው መኪናውን ይዘውልኝ መጡ። ያበጠውን ሁሉ ልጬ በአዲስ ቀየርኩ። እሳቸው ዱካው ላይ አልተቀመጡም። በመጨረሻ የቀረችውን ቃል ለጠፍኩ፤ ከ"ነ" ሥር ሽምብራ የምታህል አየር ሆን ብዬ ተውኩ።

"ሐጂ፣ እስኪ ይዩት።"

ጠጋ አሉ። አውራ ጣታቸው ፊደሎቹን እየዳሰሰ መጣና እዚያች አየር ላይ ሲደርስ ቆመ። ጠበቅኩ። አንሳው እንዲሉኝ፣ አላልኩህም እንዲሉኝ ጠበቅኩ። ሌላ ስቲከር ቆርጬ ከኋላ አስቀምጫለሁ።

"ጥሩ ነው" አሉ።

ዱካውን በእጃቸው ይዘው ለፀጉር ቤቷ መለሱና በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ መርፌዬን አውጥቼ ያቺን አየር ወጋኋት፤ በጣቴ ስጫናት ጠፋች።