ባልዲ ውኃ ያወጣው ቅስት

እልል በሉ! ቤቱ አይፈርስም። ትናንት ወረቀቱ ታትሞና ተፈርሞ መጣ፤ አንዲት ድንጋይ እንኳ የሚነካ የለም!

የምሥራቹ የእትዬ አሰለፈች ነው። ከሮማ ወጣ ብሎ፣ ወይን ማሳ መካከል፣ ጣሊያኖቹ ካዛሌ የሚሉት አሮጌ የገበሬ ቤት አለ። የቤቱን ባለቤት ሲኞራ ኤርሲሊያን ሊያስታምሙ ገብተው ሃያ ዓመት ኖሩበት። ሲኞራዋ ሲያርፉ በኑዛዜያቸው፣ «ቤቱ እስከቆመ ድረስ አሰለፈች ትኑርበት» አሉ። ሌላ ማደሪያ የላቸውም።

ደግሞ ምን ዓይነት ቤት መሰላችሁ! ታቹ የከብት ጋጣ፣ ላዩ መኖሪያ፤ ደረጃው በደጅ በኩል ነው የሚወጣው። ግድግዳው ክንድ ተኩል ይወፍራል፤ ሮማ በነሐሴ ስትጠበስ እዚያ ውስጥ ነጠላ ያስደርባል። የጣሪያውን ወራጅ እንጨት እትዬ አሰለፈች አንድ በአንድ ያውቁታል፤ ነፋስ ሲመጣ የቱ እንደሚያቃስት፣ የቱ ዝም እንደሚል።

ታዲያ ወራሹ፣ የሲኞራዋ የወንድም ልጅ፣ «ይሄ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የተሠራ ነው፤ አፍርሼ ቪላ እሠራበታለሁ» ብሎ ተነሣ። የጥንት ቤት ማፍረስ ክልክል ነውና፣ ልታጣራ ከቅርስ መሥሪያ ቤት የመጣችው ባለሙያም ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ልስኑ ሲሚንቶ ነው፤ የጥንት ምልክት አላየሁም» ብላ ደብተሯን ልትዘጋ ሆነ።

እትዬ አሰለፈች ደግሞ ሲደነግጡ ጣሊያንኛው ይጠፋባቸዋል። «አስፔታ! አንዴ ጠብቂኝ ልጄ!» ብለው ሮጡና ባልዲ ሙሉ ውኃ አምጥተው ግድግዳው ላይ ቸለሱት።

«ሴትዮዋ አብዳለች!» አለ ወራሹ፣ ጫማው ርሶ።

«ሲኞራ ሲታመሙ አንድ ቀን ብቅ ያላልክ፣ ዛሬ ለጫማህ ትጮሃለህ?»

ፀሐይዋ መታችው። ልስኑ መድረቅ ጀመረ፤ ግን እኩል አልደረቀም። እርጥቡ ቀስ እያለ ቅስት ሠራ፣ ጋሪ የሚያስገባ በር የሚያህል! ባለሙያዋ ደብተሯን ጥላ መሰላል ላይ ወጣች፤ አናቱን በመዶሻ ነካ ነካ ብታደርገው ልስኑ ተሸረፈ። ከሥሩ ቀይ ጡብ፤ መካከሉ ላይ ድንጋይ፤ ድንጋዩ ላይ በመሮ የተቀረጸ ዓመት፤ 1874።

«ሲኞራ፣ እርስዎ ይህን እንዴት አወቁ?» አለቻቸው ባለሙያዋ።

«ልብስ የማሰጣው እዚህ ፊት ለፊት ነዋ! ዝናብ አባርቶ መልሼ ሳሰጣ ሌላ ምን አያለሁ?»

ትናንት የመጣው ወረቀት ቤቱ እንዳይነካ ይከለክላል፤ እትዬ አሰለፈችም እዚያው ናቸው፣ እዚያው!

አሎራ፣ እንግዲህ ብዕሬን ላስቀምጥ። ጓደኛዬ ቅድሳን ገና አልሰማችም፤ ኤስኲሊኖ ገበያ ገብታ ስልኳን አታነሳም። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልሩጥ!