የጆሮው ወሬ

አምና ከጂንካ በታች ባሉት መንደሮች ኩፍኝ ገብቶ ሕፃናት ሞቱ። ቅዳሜ በቀበሌው ግቢ ክትባት አለ ተባለ። እናቴ ግን ትንሿን እህቴን ጡቷ ሥር ሸጉጣ «አላስወጋም» አለች።

«ለምን?»

«የተወጋውን ልጅ ጆሮ ይቆርጣሉ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ!»

ይህ «ሰው» የሚሉት ማን ይሆን? እናቴ መሠረተ ትምህርት ስትማር ጀምራ የተወችው ደብተር ነበር። እሱን ይዤ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ወረድኩ። ስጨቀጭቃት እናቴ ወሬውን ከጎረቤታችን መስማቷን ነግራኛለች፤ ጎረቤታችን ጎደሬዋን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ የጆሮውን ነገር ከማን ሰሙ?»

«ከዚያ ከማር ሻጩ። ደግሞ ትጽፊያለሽ? ካድሬ ሆንሽ እንዴ!»

ማር ሻጩ ከበና አገር የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ስጠይቃቸው ተቆጡ።

«እኔ ይቆረጣል አላልኩም! ጠየቅኩ እንጂ። ከብቶቼ ሲከተቡ፣ የተወጋው ካልተወጋው እንዲለይ ጆሮው ጫፉ ተቆረጠ። ሰውስ በምን ይለያል? አልኩ። የመለሰልኝ የለም።»

ደስ አለኝ! ወሬው ለካ መልስ ያጣ ጥያቄ ነው። መልሱን ግን እኔም አላውቀውም። እየሮጥኩ ቀበሌ ገባሁና ከታቢውን ጠየቅሁት። መጀመሪያ ሳቀ። ግቢው ባዶ መሆኑን ሲያይ ግን ሳቁን ተወና ካርድ አወጣ።

«የሰው ምልክት ይኸ ነው። የልጁ ስም ይጻፍበታል፣ እናቱ ታስቀምጠዋለች። እስከ ቀትር ነው የምንቆየው፣ ቶሎ በሉ።»

ቤት ደርሼ ከደብተሩ ሁሉንም አነበብኩላት፤ የጎረቤታችንን፣ የሽማግሌውን፣ የከታቢውን። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና አንቀልባዋን አነሳች።

መርፌው ክንዷ ላይ ሲገባ እህቴ አገር ይያዝልኝ አለች። እናቴ የልጅቱን ሁለት ጆሮዎች በመዳፎቿ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች።

«እናት፣ የራሷን ጩኸት እንዳትሰማ ነው?» አላት ከታቢው።

«አይ፣ አንተን ስለማላውቅህ ነው» አለችው።

ስንመለስ በገበያው መሀል አለፍን። ጎረቤታችን ከሩቅ አየችንና ብድግ አለች።

«ጆሮዋስ?»

እናቴ የእህቴን ሻሽ ገለጠች። «ይኸው፣ ቁጠሪ!»

እሷም የምር አንዱን ነካች፣ ሌላውን ነካች። እስከ ቀትር ብቻ እንደሚቆዩ ስነግራት ፀሐይዋን ቀና ብላ አየችና፣ ጎደሬውን ለእኔ ጥላ ልጇን ልታመጣ ወደ ቤቷ ሮጠች።