የሰናይት ቀይ ኮት

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ተከትዬ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ወደነበረው የልባሽ ልብስ ሱቅ እሄድ ነበር። ሱቁ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እናቴ በነፃ ታገለግላለች። ከሱዳን አትላንታ ስንገባ የለበስነው ሁሉ ከዚያ የተሰጠን ስለሆነ፣ አሁን ተራው የእኔ ነው ትል ነበር። ናፍታሊንና ሳሙና በሚሸተው የጓሮ ክፍል ከረጢት እየፈታች ልብስ ትለያለች። የተቀደደው እንኳ አይጣልም፤ ቁልፉ ይነቀልና ጨርቁ ለመወልወያ ይቆረጣል።

አንድ ቅዳሜ ከከረጢቱ ቀይ ኮት ወጣ፤ ባለ ኮፍያ፣ ገበሩ የሚያንሸራትት። ለካሁት፤ ልክክ አለልኝ። እናቴ ግን ከላዬ አወለቀችና በዚያው ሳምንት ከሱዳን ለመጣችው ለጎረቤታችን ልጅ ለሰናይት አስቀመጠችው።

"አንቺ ኮት አለሽ፤ እሷ የላትም" አለችኝ።

የእኔ ኮት ቡናማ ነው፤ ያውም የወንድ። በዚያ ብርድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስንጠብቅ ሰው ሁሉ ሰናይትን እያየ ያምርብሻል ሲላት፣ አንጀቴ እርር ይል ነበር።

አንድ ጠዋት ኮሪደር ላይ ጄኒ የምትባል የክፍላችን ልጅ ሰናይትን አስቆመቻት። "ይሄ እኮ የእኔ ኮት ነበር" አለች። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩ። ሰናይት እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ምን አለች ብላ እኔን ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ደስ እያለኝ ነገርኳት። ፊቷ ቀላ፤ ልትመልስላት ቁልፎቹን መፍታት ጀመረች።

ጄኒ የሰናይትን እጅ ያዘችና ከገበሩ ስር አስገባችው። ከውስጥ ድብቅ ኪስ ነበረ።

"አያቴ ናት የሰፋችልኝ። ከረሜላ ደብቂበት በያት" አለችኝ።

እሱንም ተረጎምኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ አብረው መብላት ጀመሩ። ጥቂት ቆይተው አስተርጓሚም አላስፈለጋቸውም። እኔ በኮቱ ስቀና ጓደኛ ተጨመረበት።

ዛሬ ኦርደር ያደረግኩት ልብስ፣ ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ታከር፣ እቤቴ ደጃፍ ድረስ ይመጣል፤ ማንም ያልለበሰው፣ አዲስ። ሲሰለቸኝ ፓርኪንግ ዳር የቆመ የልብስ መለገሻ የብረት ሳጥን ውስጥ ከትቼው እሄዳለሁ። ማን እንደሚለብሰው አላውቅም፤ ለባሹም እኔን አያውቀኝም። ልብሴን አይቶ መንገድ ላይ ያስቆመኝ ሰው የለም።

ባለፈው ፋሲካ ሰናይት ቤት ተጋብዤ ስሄድ በሩን የከፈተችልኝ ጄኒ ነበረች። ጉንጬን እያገላበጠች ሳመችኝና ጥርት ባለ አማርኛ "እንኳን አደረሰሽ፤ ግቢ፣ ቤትሽ ነው" አለችኝ። ያስተማረቻት ሰናይት ናት። ሽበቴን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ እንደገና ቀናሁ።